እዚህ ግቢ የማትባል

የሰው ዓይን… ወረቀት ላይ ያለችንስ ልጅ ያገኛት ይሆን?

ወይዘሮ እታፈራሁ አያውቁም። ማንን ይጠይቁ? ቄሱን ቢጠይቁ ይቆጧቸዋል፤ ጎረቤት ቢጠይቁ ይስቅባቸዋል። ልጅቷ ግን አለች፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጉም ውስጥ ቆማ፣ በረዶ በቀሚሷ እየቀለበች።

አየት አደረጓት። በልባቸው አደነቁ… አላሉም።

የሣለቻት ረድኤት ናት፣ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው። ደሴ ላይ ያሳለፈችውን ልጅነት በአሥራ ሁለት የውሃ ቀለም ሥዕል ለሕፃናት መጽሐፍ አድርጋዋለች። ዛሬ ለማተሚያ ቤት ታስረክባለች። ከዚያ በፊት መጣች፣ አንድ ቃል ፈልጋ፣ ከእሳቸው አፍ።

“እቴቴ፣ እንዴት ነው?”

“ኧረ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም!”

አፋቸው ለምዶት ነው። የረድኤት እናት ከእሷ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሦስተኛዋ ስትመጣ፣ አያትየዋ ዓይን የሚገባበትን በር በምላሳቸው ዘጉት። “ምን የመሰለች ልጅ!” ሲባል፣ እዚህ ግቢ የማትባል! ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ፣ እዚህ ግቢ የማትባል! ግድግዳው ላይ በከሰል የሣለችው ፈረስ ዘሎ ሊወርድ ሲደርስ… እሱንማ በእርጥብ ጨርቅ አጠፉት፣ ሰው ሳያየው።

ዓይን ይሰማል ብለው ነው። ልጅቷም እንደምትሰማ አላሰቡም።

ገለጡ።

የበለስ እሾህ ከትንሽ ጣት ሲነቀል… የሚነቅሉት እጆች የእሳቸው ናቸው፣ የአውራ ጣታቸው ጠባሳ ሳይቀር። ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ምን ያልያዘችው አለ! አደነቁ… አላሉም።

ገለጡ።

ልጅቷ ሱዚ ስትዘል፣ ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ላስቲኩ በሁለት ወንበሮች እግር ላይ ተወጥሮ። ውጪ ብርድ አለ፣ ውጪ መኪና አለ፣ ውጪ ሰው አለ ብለው ከልክለዋት። ወንበሮቹ እንኳ አብረው የሚጫወቱ ይመስላሉ። አደነቁ… አላሉም።

ገለጡ።

በር ላይ ጎረቤት ቆሟል። አያትየዋ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ከቀሚሱ ኋላ ባለ ቀይ ሹራቧ ወደ ላይ ታያለች። ከሥር ተጽፏል፦

“አያቴ ለሰው ሁሉ፣ ‘እዚህ ግቢ የማትባል ናት’ ትላለች። እኔም አመንኳት።”

ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ማንበብ አያቅታቸውም። ደግመው አነበቡት።

“እውነቷን ነው ብለሽ ነው ያመንሽኝ?”

“ታዲያ ምን ልበል እቴቴ? ሌላ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?” ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ምን ይበሉ እንግዲህ? ቢያወድሷት፣ ሠላሳ ዓመት የዘጉት በር ወለል ሊል ነው። ዝም ቢሉ፣ ልጅቷ አምና ልትቀር ነው።

ጎንበስ አሉ… ወደ ሥዕሉ… ወደ ትንሿ ፊት… አያቶች ሕፃን እንደሚመርቁት።

“እንትፍ! እንትፍ! ከዓይን ይሰውርሽ! እንዴት ታምሪያለሽ! እጅሽ ይባረክ! ምን የመሰልሽ ልጅ ነሽ!”

ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ነውና ምራቁም አልተቆጠበም።

የውሃ ቀለም ነው። ቀዩ ሹራብ ሟሟ፤ ዝቅ እያለ፣ ዝቅ እያለ፣ የአያትየዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

“ውይ በሞትኩት! አበላሸሁብሽ!” የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሊጠርጉ ሲሉ፣ ረድኤት እጃቸውን ያዘች።

“እንዳትነኪው!”

“ሌላ ትስያለሽ አይደል? ዛሬ ይደርስልሻል?”

“ሌላ አልስልም። ይኸው ነው የሚታተመው።”

እስኪደርቅ ጠበቀች። ሁለቱም ጠበቁ፣ ቀዩ በነጩ ላይ ቀስ ብሎ መንገዱን ሲፈልግ እያዩ። እንደዚያ ያለ ቀለም እታፈራሁ አይተው አያውቁም… አደነቁ… አሉም፣ “ያምራል”፣ ለራሳቸው ያህል።

ረድኤት ሥዕሎቹን ሰብስባ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ተመለሰች፤ በእሳቸው ቁመት ልክ ዝቅ አለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን ሰጠቻቸው።

እንትፍ አሉባት።

አልጠረገችውም። ካርቶኑን አቅፋ ወጣች።