በዝግ ቤት የተረጨ ወርቅ

ጥር ሲገባ ኢፍቱና ሰብሪያ ምሳ የሚበሉበት ጊዜ እንኳን አይኖራቸውም። የሰርግ ወቅት ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ቀራንዮ፣ እማማ ዋጋነሽ ጓሮ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ የሰርግ ዲኮር ይሠራሉ፤ የአበባ ማስቀመጫውን፣ የሙሽራ ወንበሩን፣ የጂፕሰም ዓምዱን በስፕሬይ ወርቅ ያስመስሉታል። ከደንበኛ ጋር መነጋገሩ የኢፍቱ ነው። ቀለሙ የሰብሪያ ነው፤ እሷ የረጨችው ዕቃ ላይ ቀለም ተንጠባጥቦ አይታይም።

መጀመሪያ ደጅ ነበር የሚሠሩት። ጎረቤት ፎቅ መሠራት ሲጀምር ግን አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ እየተለጠፈ አስቸገራቸው፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ እማማ ዋጋነሽ መጡ። የክፍሏ መስኮት የሚከፈተው በእሳቸው መኝታ ቤት በኩል ነው፤ እሳቸው ደግሞ አስም አለባቸው።

"ልጆቼ፣ ሽታው ትንፋሼን ቆረጠው እኮ" አሉ።

"ይቅርታ እማማ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን" አለች ኢፍቱ፤ መስኮቱንም በላስቲክና በፕላስተር ጥርቅም አድርጋ አሸገችው። እማማ ዋጋነሽ መረቋት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ራስ ምታት ያዛቸው። ሰብሪያ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ትስቅና ወዲያው ያጥወለውላታል። አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ያስራሉ፤ ሻሹ ወርቁን እንጂ ሽታውን አላስቀረም። የስፕሬዩ ቆርቆሮ ላይ የእሳት ምልክት አለ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ግን አንዳቸውም አንብበውት አያውቁም።

አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር። ዓምዶቹ ከቀትር በፊት አዳራሽ መድረስ አለባቸው። ስፕሬዩ ግን እየተቆራረጠ መትፋት ጀመረ።

"በርዶታል" አለች ሰብሪያ ቆርቆሮውን እየነቀነቀች። "ሙቅ ውሃ ውስጥ ልንከረው።" በፊትም እንደዚያ አድርጋ ታውቃለች፤ ምንም አልሆነም። ጥግ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ውሃ ጣደች። መሰኪያውን ሳትሰካ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ኢፍቱ፣ በሩን ትንሽ እንክፈተው፤ እየዞረብኝ ነው።"

"አቧራው ሊያበላሽብን? ይቺን አንድ ዓምድ ብቻ ጨርሺልኝና ወጥተን አየር እንወስዳለን።"

"እሺ በቃ።"

ስልክ ጮኸ። የሙሽራዋ ወንድም ራዕይ ነው፤ "የት ደረሳችሁ?" ይላል። ውስጥ ድምፁ ስለሚቆራረጥ ኢፍቱ ወደ ግቢው ወጣች። አቧራ እንዳይገባ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"እየጨረስን ነው፣ አታስብ" እያለችው ነበር።

የፍንዳታው ድምፅ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ብርድ ልብስ ሲራገፍ እንደሚሰማው ያለ ነው። በሩ ግን ከማጠፊያው ተነቅሎ ግቢው መሀል ወደቀ። ከዚያ ቆርቆሮዎቹ ተራ በተራ ይፈነዱ ጀመር። ሰብሪያ በእግሯ ወጣች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታለች፤ ሻሿ ቀልጦ አንገቷ ላይ ተጣብቋል።

"ኢፍቱ፣ አይታየኝም።"

ኢፍቱ ከገመዱ ላይ የእማማ ዋጋነሽን እርጥብ አንሶላ ጎትታ የሰብሪያ ልብስ ላይ ያለውን እሳት አፍና አጠፋችው። የግቢው ሌላ ተከራይ ያደሳ ባጃጁን አስነሳ። መንገዱን ሙሉ እየጮኸ መኪናውን ሁሉ አስለቀቀ። ሰብሪያ ኢፍቱ ላይ ተደግፋ በቀስታ፣ "ዓምዱን እኮ ጨርሼው ነበር" አለች።

ሆስፒታል ያገኘችው ሐኪም ጥያቄ አበዛ። "እሳት ነበር እንዴ ቤቱ ውስጥ?"

"ኧረ አልነበረም። ውሃ ልታሞቅ ስቶቩን ሰክታው መሆን አለበት።"

"በሩ ክፍት ነበር?"

"ዝግ ነበር። መስኮቱም።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ነው፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛም ይተናል። የሚሸታችሁ እሱ ነው፤ ቤቱን ሲሞላ አይታይም። እንኳን ስቶቭ፣ የመብራት ማብሪያ ብልጭታም ይበቃዋል። ራስ ምታት ነበራችሁ?"

ኢፍቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሰብሪያ ሳምንት ሳይሞላት አረፈች። ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ተቀበረች። ለቅሶ ቤት እናቷ ወይዘሮ አልፊያ ኢፍቱን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። "ሁሉም የመሰለውን ያወራል። አብረሻት የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ።"

"በሩን እንክፈት ብላኝ ነበር" አለች ኢፍቱ። "እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ አልፊያ እጇን ይዘዋት ነበር። ለቀቋት። አልጮሁም፣ አልረገሟትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኢፍቱ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ቀራንዮ ስትደርስ ከግቢው ጀርባ ጭስ አየች። እማማ ዋጋነሽ ክፍሏን የሚያጸዳ ሰው ቀጥረዋል፤ ሰውዬው የተቃጠለውን ጣውላ ከምሮ ለኩሶታል። ከእሳት የተረፉትን ቆርቆሮዎች በማዳበሪያ አጭቆ ክምሩ ጫፍ ላይ ጥሏቸዋል። ጎረቤቶች ዙሪያውን ቆመው እጃቸውን ያሞቃሉ።

"ራቁ! ከዚያ ራቁ!" ኢፍቱ እየሮጠች ደረሰች፤ ማዳበሪያውን በጫፉ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው።

"ምን ሆነሻል ልጄ?" አሉ እማማ ዋጋነሽ ደንግጠው። "ባዶ ናቸው እኮ! አራግፎ አይቷቸዋል።"

"ባዶውም ይፈነዳል እማማ! እባክዎ ወደ ቤት ይግቡ!"

ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ኋላ አለ። ሾልኮ እሳቱ ውስጥ የቀረ አንድ ቆርቆሮ ነበር፤ ያኔ ፈነዳና አጥሩን መታ። ያጉረመረመው ሁሉ ይበልጥ ሸሸ። እማማ ዋጋነሽ ደረታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"መስኮቱን ያስዘጋኋችሁ እኔ ነኝ" አሉ።

ኢፍቱ አላጽናናቻቸውም፤ አልወቀሰቻቸውምም። ማዳበሪያውን ከእሳቱ አርቃ ጥላ ሥር አስቀመጠችውና አጠገቡ ቆመች። ሰውዬው አፈር አምጥቶ እሳቱን እስኪያዳፍነው ድረስ ማንንም አላስጠጋችም።