ኪሩ ዝም ያለበት ቀን

ዳኛዋ ስሙን ስትጠራ ኪሩ ከተከሳሽ ሳጥኑ መስታወት ኋላ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ክብርት ዳኛ፣ እኔ ነኝ የገፈ..."

"ጋሽ ኪሩ፣ ስቶፕ!" አለችው ሜሮን።

ኪሩ ደነገጠ። በልጁ ዕድሜ ያለች ሴት በሰው ፊት እንዲህ ገሥጻው አታውቅም። ሜሮን የዕለቱ ተረኛ ጠበቃ ናት፤ ጠበቃ ሳይዝ ለቀረበ እስረኛ በነፃ የምትቆም። ከዳኛዋ ትንሽ ደቂቃ ለምና ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ተጠጋች።

"ምን ሊሉ ነበር?"

"እውነቱን ነዋ! በየነን ይቅርታ ልለው ነው። ያውልሽ፣ ግንባሩን በፋሻ ታስሮ ተቀምጧል።"

ትናንት በሚኖሩበት የባዕድ አገር ከተማ፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ውስጥ አንድ ወዳጃቸው ልጅ ክርስትና አስነሥቶ ነበር። እንደተለመደው ፖለቲካ ተነሣ፣ ኪሩ በየነን ገፈተረው፣ በየነም ከጠረጴዛ ጋር ተጋጨ። ፖሊስ የጠራው ጎረቤት ነው። እንደ ኪሩ አስተዳደግ ደግሞ ወዳጅን በድሎ ዝም ማለት ከመግፈተሩም ይብሳል።

"ዐቃቤ ሕጉ ጥፋቴን ካመንኩ ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ተናግሯል ብለሽ ጠዋት አልነገርሽኝም?"

"ተናግሯል። ግን የወንጀል ሪከርድ ይይዝዎታል። ሲቲዝን አይደሉም፣ የመኖሪያ ፔፐርዎ ትራብል ውስጥ ይገባል። የታክሲ ላይሰንስዎም እንደዚያው። ዛሬ የሚወሰነው ጉዳይዎን ከቤት ሆነው ይከታተሉ ወይስ ከእስር ቤት የሚለው ብቻ ነው። ዝም ማለት ራይትዎ፣ መብትዎ ነው፣ ጋሽዬ። እኔ ላውራ።"

"ዝም ካልኩ ካደ አይሉኝም?"

"አይችሉም። ሕጉ አይፈቅድላቸውም።"

ኪሩ ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ።

ዐቃቤ ሕጉ ዋስ ካልጠራ አይለቀቅ አለ። ሜሮን፣ ያቺ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ልጅ፣ ተነሥታ የቆየ ክስ የሌለበት፣ ሥራም ቤትም ያለው ሰው ስለ ምን ዋስ ይጠየቃል ብላ ሞገተች። ዐቃቤ ሕጉ ሲያቋርጣት ጠበቀችው፤ ሲጨርስ ካቆመችበት ቀጠለች። ኪሩን ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም፣ የምታገኘውም ነገር የለም። ኪሩ ኮራባት፣ የማን ልጅ ትሆን ብሎም አባትዋን መረቀ።

ያለ ዋስ ተለቀቀ። ጉዳዩ እስኪያልቅ በየነን ማነጋገር ግን ተከለከለ፤ በቀጥታም፣ በስልክም፣ በሽማግሌም።

"እሱ ቢያናግርዎትም መልስ የለም" አለችው ሜሮን ስትሸኘው። "ከመለሱለት እስር ቤት ይመለሳሉ፤ ያኔ እኔም አላድንዎትም።"

ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ ዱንዳስ መንገድ ላይ ስትሪትካር፣ የከተማውን ባቡር፣ ሲጠብቅ በየነ ከኋላው መጣ።

"ኪሩ! እኔ እኮ ከልቤ አውጥቼዋለሁ። አንተም አንድ ቃል በለኝና ይብቃን።"

ይቅርታ የሚለው ቃል ኪሩ አፍ ላይ ነበር። እንባው መጣ። ስትሪትካሩ ደርሶ በየነ ገባ፤ በሩ እንዳይዘጋ በእጁ ይዞ "ና እንጂ!" አለው።

ኪሩ ጀርባውን ሰጥቶት በእግሩ መንገድ ጀመረ።