የአምስት ደቂቃው ንግግር መጨረሻ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ሻይ ጣድኩ፣ ዳቦ ቆረጥኩ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ። ጎረቤታችን መኪናውን ለማስነሳት ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ተሳካለት። ሸሚዜን ተኮስኩ። ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ የወጥ ቤቷን ሰዓት አንስቼ አቧራዋን ጠረግሁና መልሼ አስቀመጥኳት። እንቁላል ለመቀቀል የተገዛች፣ ደቂቃ ቆጥራ የምትጮህ፣ እንደ ቲማቲም ክብና ቀይ ሰዓት ናት። እንቁላል ግን ተቀቅሎባት አያውቅም።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት የምክር ቤት አባል ነበር። በምክር ቤቱ ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሲሞላ ማይክሮፎኑ በራሱ ይዘጋል። ባለቤቴ ንግግሩን አይጽፍም። ክርክር ባለ ቀን ጠዋት ጺሙን እየተላጨ ይናገራል፣ እኔ ሰዓቷን አምስት ላይ አዙሬ አዳምጣለሁ።

"የተከበርሽ አፈ ጉባኤ፣ ዕድል ይሰጠኝ" ይለኛል።

"ተሰጥቶሃል። ከአገጭህ ሥር ግን ትተሃል" እለዋለሁ።

ከውሃ ሌላ ርዕስ አልነበረውም። በጀት ሲቀርብ ስለ ውሃ፣ ትምህርት ሲነሳ ስለ ውሃ። ባልደረቦቹ "አቶ ቧንቧ" የሚል ስም አወጡለት። እጁን ሲያወጣ ከኋላ ወንበር "ተከፈተ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ቤት መጥቶ ሲያወራልኝ ከእኔ ይልቅ የሚስቀው እሱ ነበር።

አንድ ችግር ነበረበት፤ መጨረሻውን ይረሳል። ማይክሮፎኑ ከተዘጋበት፣ ሊል የነበረው ነገር ከአእምሮው ብን ብሎ ይጠፋል። የምክር ቤቱ ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ አባል የንግግሩን ጽሑፍ አንብቦ፣ የተቋረጠ ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሞልቶ፣ በየገጹ እንዲፈርም ያዛል። ያልተፈረመ ንግግር በዓመቱ መድበል ውስጥ አይገባም። ንግግሩ ሲቋረጥበት ከቃለ ጉባኤ ክፍል ይደውልልኛል።

"አንቺ፣ እንዴት ነበር የምጨርሰው?"

እነግረዋለሁ። ስልኩን ሳይዘጋ "ባለቤቴ ታውቀዋለች አላልኳችሁም?" ሲላቸው ይሰማኛል።

የመጨረሻውን ንግግሩን ሳይፈርም ሞተ። በተናገረ በማግስቱ ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረ።

ከአራት ወር በኋላ ከቃለ ጉባኤ ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ። አባሉ በሕይወት ከሌለ የትዳር ጓደኛ መፈረም ትችላለች፤ መድበሉ የሚጠብቀው ይህን ንግግር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ስለተቋረጠ እርስዎ ቢሞሉልን ይላል። የንግግሩ ቅጂ ተያይዟል።

ለመፈረም በምሄድበት በዚያ ጠዋት፣ ሻዬን ሳልጨርስ የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወሉ።

"ዛሬ ነው አይደል የምትሄጂው?"

"ዛሬ ነው፣ እትዬ።"

"በይ አደራ፣ ሞቅ አድርገሽ ጨርሽው። የወንድሜ ንግግር ተንጠልጥሎ መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጥ? አቶ ቧንቧ ደረቀ ይሉታል እኮ!"

"እሺ።"

"አንቺ እሺ ስትዪ ነው የምፈራሽ። ታስታውሺዋለሽ አይደል?"

"አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ፣ እትዬ" አልኩና ዘጋሁ።

የማስታውሰው ነገር አልነበረኝም። የመጨረሻውን ንግግሩን ባደረገበት ዕለት፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈተና የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ሰዓቷ አንድ ደቂቃ ሲቀራት ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ይበቃል፣ ገብቶኛል።"

ፊቱ ላይ ሳሙና እንዳለ ዞረ። "መጨረሻው ላይ እኮ ነው ነገሩ!"

"ማታ ትነግረኛለህ።"

ማታ ደክሞት ገባ። ስለ ፈተናው ጠየቀኝ። ሁለት ልጆች ሲኮራረጁ ያዝኩ፣ የተኮራረጁትም የተሳሳተ መልስ ነው ስለው ሳቀ። እኔ ስለ ንግግሩ አልጠየቅሁትም። ይህን ለእትዬም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ ቅጂውን እንደገና አነበብኩ። "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ባለፈው ወር የአንድ ትምህርት ቤት ቧንቧ ሲመረቅ ተጋብዤ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ውሃው ወረደ፣ አጨበጨብን። እጄን ልታጠብ ስጠጋ ከአጥሩ ጀርባ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ለካ ቦቴ ኖሯል! ቦቴው ሲሄድ ውሃውም አብሮት ሄደ። በሪፖርቱ ላይ ግን ያ ትምህርት ቤት ዛሬም ውሃ አለው። አሁን የቀረበልን ሕግ የውሃ ሽፋን በተመረቁ ቧንቧዎች ብዛት ይለካ ይላል። ይህን ከማጽደቃችን በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም" ይልና ያበቃል።

ሦስት ፌርማታ ሳንሄድ መጨረሻውን ሠራሁለት። "እሱም ከምረቃው በሦስተኛው ወር ተመልሰን ሄደን ቧንቧውን እንድንከፍተው ነው።" ጥሩ ነበር። ቢሰማው "መመረጥ የነበረብሽ አንቺ ነሽ" ይለኝ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ክፍል ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ዙሪያውን በሰማያዊ መድበሎች ተሞልቷል። የጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት አዘጋጅ ወንበር ሳበችልኝ።

"እኛማ ስምዎን ስለማናውቅ 'ታውቀዋለች' ነው የምንልዎ" አለችና ደነገጠች። "ይቅርታ፣ በእሳቸው አባባል ለምደን ነው።"

"ግድ የለም፣ ልጄ።"

ገጾቹን ዘረጋችልኝ። በመጨረሻው ላይ አንድ መስመር ባዶ ትታለች። እስክሪብቶውን ያዝኩና የተቀዳውን ድምፁን መስማት እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። ማዳመጫውን አውልቃ ሰጠችኝ።

ጉሮሮውን ጠረገ። ቦቴው ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። "እሱም" አለና ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ከኋላ ወንበር አንዱ "ተዘጋ!" ሲል እንደገና ተሳቀ። ከሳቁ ሥር፣ ከሩቅ፣ እሱ መናገሩን አላቆመም። ሦስት ጊዜ አስደጋገምኳት።

"እኔም ሞክሬያለሁ፣ አይለይም" አለች። "እንግዲህ ይሙሉልን።"

የሠራሁት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር።

"አላውቀውም" አልኩ።

"እንዴት?"

"መጨረሻውን አላውቀውም። ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ሳይደርስ አቋርጬው ወጣሁ።"

በሩን ዞራ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመሰለዎትን ቢጽፉ እኮ የሚጠይቅዎ የለም" አለችኝ።

"የእሱ አይሆንም። ሳይሞላ መፈረም ይቻላል?"

"ይቻላል። 'ጊዜው አለቀ' ተብሎ ይጻፋል።"

"እንደሱ ይጻፍ።"

በየገጹ ፈረምኩ። እስከ በሩ ሸኘችኝ።

መድበሉ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አንድ ቅጂ ለእትዬም ላኩላቸው፤ እስካሁን አልደወሉልኝም። የእሱ ንግግር ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ይጀምራል። ቦቴው አለ፣ ሳቁም በቅንፍ ተጽፏል። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ "እሱም" ይላል፤ ቀጥሎ "ጊዜው አለቀ" ይላል። በሁለቱ መካከል የነበረው ዓረፍተ ነገር የለም።