ስምንት ኮቴ

አንዲት አህያ አራት ኮቴ አላት፤ ሁለት አህዮች ስምንት። አራቱ ወንጌላውያን የሆሳዕናን ታሪክ ሲጽፉ ስለ አህያዋ የተለያየ ነገር መጻፋቸውን የሰማሁ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ሌላ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ያስብ ይሆናል። እኔ የቆጠርኩት ኮቴ ነው፤ ዕጣው የወጣው ለልጄ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ዘንድሮ ለሆሳዕና አህያ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን እንዲዞሩ ተፈቀደላቸው። ጀርባዋ ላይ የጌታ ሥዕል ይቀመጣል፤ ገመዷን አንድ ልጅ ይይዛል። ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ። የወጣው «መቅደላዊት» የሚል ነው።

መቅዲ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አምና ትምህርት ቤቷ ለጉብኝት ቢሾፍቱ ሲሄድ ሐይቅ አለ ብዬ አስቀረኋት፤ አውቶቡሱ በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። ከዚያ በፊት የጎረቤት ልጅ ብስክሌቷን ልታስነዳት ስትል አስፋልቱ ቅርብ ነው ብዬ ከለከልኩ። ይህንን ግን መከልከል አልቻልኩም። ዕጣው በወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለአባቷ ደውላ ነግራዋለች። ገሠሠ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል።

«ቤቲ፣ ይቺን እንኳ ተይላት» አለኝ።

«ይቺን እንኳ» ያላት ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

መምህራቸው ሚሳኤል ወጣት ነው፤ በሥራ ቀን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ልጆቹን በአራት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንጌላዊ ሰጠና «አንብቡ፤ ያገኛችሁትን ብቻ ሣሉ፤ ከሌላው ቡድን አትቅዱ» አላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ተጠርተን አዳራሹ ውስጥ ስንቀመጥ አራቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። የማቴዎስ ቡድን እናት አህያና ውርንጭላዋን ሥሏል። የማርቆስና የሉቃስ ቡድኖች ውርንጭላ ብቻ፣ ሰው ተቀምጦባት የማያውቅ። የዮሐንስም አንድ ውርንጭላ ነው፤ እሱ ጋ ደግሞ ሄደው ፈትተው ያመጡት ደቀ መዛሙርት እንኳ የሉም። ዘንባባን በስሙ የጠራው ግን እሱ ነው። የሉቃስ ወረቀት ላይ መንገዱ በልብስ ተሞልቶ አንድም ቅጠል አይታይም።

«መምህር፣ እኛ ዘንባባ አይሰጠንም ማለት ነው?» አለች ከሉቃስ ቡድን አንዷ፣ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት።

«ይሰጥሻል፣ ተቀመጪ» አላት።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «አባቶች በትርጓሜ በሁለቱም ላይ ተቀምጧል ነው የሚሉን። ሁለቱንም ብናመጣ እኔ ደስ ይለኛል። ግቢው ግን ጠባብ ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። ምን ትላላችሁ?»

እጄን አወጣሁ። በስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ሦስቱ አንድ ይላሉ። ሁለት ያለው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዷ ውርንጭላ ትበቃለች።»

እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው አዩኝ። «አንቺ፣ ወንጌልም በድምፅ ብልጫ ሆነ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። ሕፃናት አሉ፣ ነፍሰ ጡር ትኖራለች፣ አህያ ስትደነግጥ የምታደርገውን አታውቅም አልኩ። የልጄን ስም አላነሣሁም። ክርክር የፈለገ ሰው ስላልነበረ አንድ ውርንጭላ ተባለና ተነሣን። አራት ኮቴ፣ ያውም ትንንሽ። ወደ ቤት ስንሄድ መቅዲ አጠገቤ እየዘለለች ነበር።

ውርንጭላ ያላቸው ኦቦ በንቲ ናቸው። ዛሬ የእኛ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን መሬት አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት ነበር። አሁን የቀራቸው ወንዙ ዳር ጎመን የሚተክሉባት ቁራሽ መሬትና አህዮቻቸው ናቸው፤ ላፍቶ ውስጥ ቤት ለሚሠራ ሰው አሸዋ ያመላልሱባቸዋል። ሐሙስ ከሰዓት ሚሳኤል፣ እኔና መቅዲ ሄድን። ኦቦ በንቲ በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ውርንጭላዋን ፈትተን ልንወስድ ነበር» አላቸው ሚሳኤል።

«ለምን ትፈታላችሁ ብዬ ልጠይቃችሁ ነዋ! መልሱን ካላወቃችሁ አልሰጥም።»

«ለጌታ ታስፈልገዋለች!» አለች መቅዲ ቀድማ።

ከት ብለው ሳቁ። «ይቺ አንብባለች። ውሰጃት በቃ። እናቷንም እፈታልሻለሁ።»

«እናቷስ ትቅር፣ ኦቦ» አልኩ።

«ትቅር?» ሳቁን አቆሙ። «የስድስት ወር ናት እኮ የኔ ልጅ። ገና ትጠባለች። ያለ እናቷ ከዚህ በር አትወጣም።»

ስለ አራቱ ወረቀቶች ነገርኳቸው። ሦስቱ አንድ እንደሚሉ፣ ሁለት ያለው ማቴዎስ ብቻ እንደሆነ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይሄ አንድ ያለው ማርቆስ፣ አህያ ነበረው?» ብለው ሚሳኤልን ጠየቁት።

«እንጃ፣ ኦቦ።»

«ማቴዎስስ ምን ነበር ሥራው?»

«ቀራጭ ነበር።»

«አሃ!» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «በሉ እሱን እመኑት። ቀራጭ እንስሳ አያመልጠውም፤ ሁለት ካለፉ ሁለት ብሎ ነው የሚጽፈው። ሌሎቹ የተቀመጠባትን ጻፉ። እናቷማ ሄዳለች፤ ምን ብላ ትቀራለች?»

ሚሳኤል እየሳቀ ወደ እኔ ተመለከተ። ሐሳቧን ትለውጣለች ብሎ ነበር መሰለኝ።

«በስብሰባ የተወሰነ ነው» አልኩ።

«ከስብሰባ ጋር አልጣላም። ቅዳሜ ሞክሯት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ለልምምድ መጣን። ዐሥር የሚሆኑ ልጆችም ተከትለውናል። ኦቦ በንቲ እናቲቱን ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ አሰሯትና ውርንጭላዋን አወጡልን። ግራጫ ናት፤ ጆሮዋ ከፊቷ ይረዝማል። ገመዱን ለመቅዲ ሰጧት። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት እከተላለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻና አልኮል ይዣለሁ፤ ቅርቡ ክሊኒክ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ጠዋት ጠይቄአለሁ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ግቢው ውስጥ እናትየዋ አናፋች፤ ውርንጭላዋ አራት እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። መቅዲ ሳበቻት። ሚሳኤል ከኋላ ገፋት። ልጆቹ «መምህር እየገፋ ነው! መምህር እየገፋ ነው!» እያሉ ይስቃሉ። እናትየዋ ደግማ አናፋች። በዚህ መሃል ከመታጠፊያው አንድ ታክሲ ክላክሱን እያስጮኸ ብቅ አለ።

ውርንጭላዋ ዞራ ወደ በሩ ሮጠች። ገመዱን መቅዲ እጇ ላይ ጠምጥማው ስለነበር ሁለት እርምጃ ጎትታ ጣለቻት። ስጮኽ ለራሴ ይሰማኛል። ደርሼ ገመዱን ከእጇ ስፈታ ጉልበቷ ተልጧል፤ ክንዷ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። አጥንት አልተሰበረም። ሁለት ጊዜ ደባበስኩት፤ አልተሰበረም።

«በቃ! ነገ ሌላ ልጅ ይያዝ። ወይም ይቅር!» አልኩ።

መቅዲ አላለቀሰችም። ጉልበቷን አራግፋ ተነሣችና አየችኝ።

«እማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? እናቷን ያስቀረሽባት አንቺ ነሽ።»

በሰው ፊት እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ግን አልኮሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቷን መጥረግ ጀመርኩ። ሁለት አህያ ከአንድ የባሰ ይመስለኝ ነበር። የፈራሁትን በግማሽ የቀነስኩ መስሎኝ ልጄን ያስጣልኳት እኔው ነኝ።

ኦቦ በንቲ ግቢ ገብተው እናቲቱን ፈቱ። ወጣች፤ ሳትቸኩል ሄዳ ውርንጭላዋን አንገቷ ላይ አሸተተቻት። ያቺ ስትንቀጠቀጥ የነበረች እንስሳ አንገቷን ከእናቷ ሆድ ስር አስገብታ መጥባት ጀመረች። እሳቸው ገመዱን ከመሬት አንሥተው ወደ መቅዲ ሳይሆን ወደ እኔ መጡ።

«ለማን ልስጠው?»

«እናቷን ማን ይይዛታል?» አልኩ።

«ማንም። ልቅቅ ትሂድ። ልጇ ባለችበት ነው የምትሄደው።»

ልቅቅ። ሕዝብ መሃል፣ ያልታሰረች አህያ። ስምንት ኮቴ። የመቅዲን ክንድ አየሁ፤ ቀዩ መስመር ገና እየደመቀ ነው። እጇን ግን ዘርግታለች፤ ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው።

«እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው» አልኳት።

«አልጠመጥምም።»

«እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩሽ።»

ኦቦ በንቲ ገመዱን እንዴት አጥፋ መዳፏ ላይ እንደምትይዘው፣ እንስሳዋ ከሳበች እንዴት ጣቷን ከፍታ እንደምትለቀው አሳዩዋት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከዚያ ሄዱ፤ መቅዲ ከፊት፣ ውርንጭላዋ ተከትላት፣ እናትየዋ ከጎን። ታክሲ አለፈ፤ ባጃጅ አለፈ። ምንም አልሆነም። እኔ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ አንድ ነገር እስኪሆን እየጠበቅሁ ተከተልኳቸው።

በማግሥቱ ግቢው ሞልቶ ነበር። ውርንጭላዋ ጀርባ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ ሥዕሉ ተቀምጧል፤ አንድ ዲያቆን ከጎን ደግፎታል። ካህናቱ ከፊት፣ ልጆቹ ዘንባባ ይዘው ከኋላ። የሉቃስ ቡድኗ ልጅ ሁለት ይዛለች። እኔ በአጥሩ በኩል፣ ከሴቶቹ ጋር፣ መቅዲን ከዓይኔ ሳላወጣ እሄዳለሁ። እትዬ ፀሐይወርቅ ክንዴን ይዘውኛል።

«ተንፍሺ እንጂ» ይሉኛል በየመሃሉ።

በደብራችን የሆሳዕና ዑደት ላይ በአራቱ ማዕዘን ይቆማል፤ በእያንዳንዱም የአንዱ ወንጌላዊ ይነበባል። መጀመሪያ ማቴዎስ ሲነበብ አህያና ውርንጭላዋ ሲባል ሰዉ ዞሮ ሁለቱን አየ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ማርቆስ ሲነበብ ስለ እናትየዋ ምንም አልተባለም። እሷ ግን እዚያው ቆማ ከአንዲት ሴትዮ እጅ ዘንባባ ትቀነጥባለች። ሴትዮዋም አልከለከለቻትም።

ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ሉቃስ ተነቦ እንዳበቃ እልልታው በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ አንድ ትልቅ ጃንጥላም ውርንጭላዋ ፊት ብው ብሎ ተከፈተ። አንገቷን ወደ ላይ ወረወረች። ሥዕሉ ዘመም አለ። ገመዱ ሲወጠር አየሁ። እግሬ ተነሥቷል፤ የእትዬ ፀሐይወርቅ እጅ ከክንዴ ተላቋል። ብሮጥ በአራት እርምጃ እደርሳለሁ። ብሮጥ ግን ሰዉ ይተራመሳል፤ እንስሳዋ የባሰ ትደነግጣለች፤ መቅዲም ዞራ እኔን ታያለች።

ቆምኩ። እዚያች ቦታ ላይ የቆምኩበትን ያህል ምንም ነገር ከብዶኝ አያውቅም።

መቅዲ ገመዱን ትንሽ ለቀቅ አደረገችላት። አልጠመጠመችውም። የሆነ ነገር አለቻት፤ ከንፈሯን አይቻለሁ፤ ምን እንዳለቻት ግን ዛሬም አላውቅም። ውርንጭላዋ በጎኗ ወደ እናቷ ተጠጋች፤ ጆሮዋ ወረደ። ዲያቆኑ ሥዕሉን አቀናና ዑደቱ ቀጠለ። የዮሐንስ ሲነበብ አጥሩን ተደግፌ ነው የሰማሁት።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ቤት ሆኜ ድንች ስልጥ ገሠሠ ደወለ። ሚሌ ደርሶ መኪናውን አቁሟል። መቅዲ ስልኩን ነጥቃ ድምፁን ከፈተችው።

«አባ! ብቻዬን መራኋት! ዙሪያውን በሙሉ!»

«ጎበዝ! አህያዋ አላስቸገረችሽም?»

«ውርንጭላ ናት አባ፣ አህያ አይደለችም። አንድ ጊዜ ብቻ ደነገጠች፤ አረጋጋኋት።»

«እናትሽስ የት ነበረች?»

«እማ?» ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ ገና የምታስብበት ይመስል ነበር። «እንጃ፣ ከሴቶቹ ጋር መሰለኝ። ሰዉ ብዙ ስለነበር አላየኋትም።»

ስለ ቅዳሜው አልነገረችውም፤ ክንዷ ላይ ያለው መስመር ግን ገና አልጠፋም። ስለ እናቲቱ አህያም አንድ ቃል አላነሣችም። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ብዙ የምጨምረው ነበረኝ።

«ለእማ ስጫት እስቲ» አላት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ፤ እጄ እርጥብ ስለነበር። እሷም ልትሰማ አጠገቤ ቆመች።

«ቤቲ፣ እውነት ብቻዋን ነው?»

«ብቻዋን ነው» አልኩት።