ከምድጃው ጀርባ ያለችው ክፍል

ብርዱ የእውነት ብርድ በነበረበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጀርባ ያለችው ክፍል የሰፈሩ ሁሉ ነበረች። ጎረቤቱ ማለዳ “እንዴት አደራችሁ?” ለማለት ያህል ጎራ ይልና ጀርባውን ለሞቀው ግድግዳ ይሰጣል። አራሷ ልጇን ታቅፋ፣ ሽማግሌው ጉልበቱን እያሸ፣ ሐሜተኛውም ትኩስ ወሬውን ይዞ ይመጣል። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ እዚያ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ ይታረቃሉ፤ በብርድ ማን ይኮራፋል! ወይ ጊዜ!

ዛሬ ሰማዩ ራሱ ምድጃ ሆኗል። ሌሊቱም አይቀዘቅዝ። ሰው ሁሉ መጋረጃውን ዘግቶ ለየብቻው ያልበዋል። የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ግን አባቱ ያወረሰውን እሳት ማታ በአመድ እየዳፈነ፣ ጠዋት እየቆሰቆሰ ይኖራል። ከግድግዳው ወዲያ፣ በዚያችው ክፍል፣ ያሳደገችው አክስቱ ትተኛለች። ዘመድ ቤት ሰንብቺ ቢላት በጄ አላለችም።

“ሰዎቹ ሲመጡ የት ብለው ያገኙኛል?”

ማንም እንደማይመጣ ሊነግራት አንጀቱ አልቻለም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና፣ እርጥብ አንሶላ እየሰቀለ፣ ውሃ እያጠጣ ይጠብቃት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰውነቷ እንደ እሳት ነድዶ፣ ሟች አባቱ መስሏት “ወንድሜ” ብላ ጠራችው። ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

ነርሷ አቀዝቅዛ ካረጋጋቻት በኋላ የምትተኛበትን ጠይቃ ገሠጸችው። “እርጅና እንዳይመስልህ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ግድግዳ፤ ሰውነቷ መቼ ይረፍ? አሁን ተርፋለች። ሌላ ጊዜ እንጃ።”

ጋጋሪው ሆድ ባሰው። የልጅነቱ ሳቅና ጨዋታ ሁሉ ያለው እዚያ እሳት ዙሪያ ነው። ቢሆንም ቤት ገብቶ ረመጡን በተነ፣ ውሃ ደፋበት። ከዚያ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያማው የኖረውን የማዶውን ጋጋሪ በምድጃህ አብረን እንጋግር ሲል ለመነው።

አክስቱ ድና በተመለሰች ጊዜ አልጋዋ ላይ አረፍ ብላ ግድግዳውን ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም፣ እቴቴ።”

“አትደብቀኝ። ይህ ግድግዳ የቀዘቀዘው አባትህ የሞተ ዕለት ብቻ ነው።”

“አንቺ እንዳትሞቺብኝ ነው።”

እጇን ከግድግዳው አነሳች።

“ለእኔ ብለህ የአባትህን እሳት አጠፋህ?”

“አዎ።”

“ሞኝ!” አለችው፤ እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች።