የካይዘሯ መርዶ

አድማሴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጋሽ ጠዓመን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከቭላርዲንገን ወደ ሮተርዳም በሚሄደው ሜትሮ ተሳፍሯል። ገና ሊነጋጋ ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ለብቻ ተሂዶም አይነገርም። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸውን ኤርትራዊ አዛውንት ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው ለዚሁ ነው።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ ጋሽ ጠዓመ። «የሞተው ማን ነበር?»

«መኪና ነው፣ ጋሼ።»

አዛውንቱ አልሳቁም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

መኪናዋ ካይዘር ናት። ካይዘር መርከብ ሠሪ፣ ፍሬዘር መኪና ሻጭ ነበሩ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አሜሪካ ውስጥ ተጣምረው ትልልቆቹን ኩባንያዎች ሊገዳደሩ ተነሡ። ዐሥር ዓመት ገደማ ተፍጨርጭረው አገራቸው ላይ የቤት መኪና መሥራት አቆሙ፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በመሀሉ ግን መኪኖቻቸው ሮተርዳም ይገጣጠሙ ነበርና ሆላንዳዊው ሜኔር፣ ማለትም አቶ፣ ኬስ በጉርምስናቸው በር ገጣሚ ነበሩ። እርጅና ከተጫናቸው በኋላ ዝገት የበላትን አንዷን ከአንድ ገበሬ መጋዘን ገዙ። ጎረቤታቸው አድማሴ መካኒክ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ሲፈቱና ሲገጥሙ ዓመታት አለፉ። አድማሴ አባቱን አያውቅም። ሜኔር ኬስን ይወዳቸዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መኪናዋ የቆመችበት ጋራዥ በኤሌክትሪክ እሳት ሲጋይ ሜኔር ኬስ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እስኪያገግም ይደበቃል። አድማሴ ይህን ማንም አላስተማረውም፣ አድጎበታል። ከእሱ ሌላ ጠያቂ የሌላቸው ሽማግሌ ግን በሄደ ቁጥር «ካይዘራችንስ?» ይሉታል። ዝም ማለት አልሆንልህ አለው። መቀመጫዋን በአዲስ ቆዳ አለበሰ፣ ቀለሟን አስቀባ፣ በመጨረሻም ሞተሯን አስነሣ፤ ሁሉንም በአፉ። ልጁ ሄርሜላ ስትሰማ ተቆጣች።

«ፓፓ፣ ዳት ካን ኤኽት ኒት! በፍጹም አይሆንም! ንገረው እንጂ፣ የራሱ መኪና ናት!»

«ሲሻላቸው» አላት።

ትናንት ሜኔር ኬስ ደወሉ። ነገ ከሆስፒታል እወጣለሁ፣ ቤቴ ሳልገባ መኪናዬን ታሳየኛለህ አሉት። ተሽሏቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ ከመውጣታቸው በፊት መነገር አለበት።

ሲደርሱ ሜኔር ኬስ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር የለበሱትን ሁለት ሰዎች ሲያዩ ሳቁ።

«ምነው፣ ገና አልሞትኩም እኮ!»

ጋሽ ጠዓመ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሜኔር ኬስ ቀደሟቸው።

«ሐኪሞቹን የልቡን ቀዶ ጥገና አልፈልግም አልኳቸው። ያለሱ እስከ ገናም አትደርስም ይላሉ። አይሁና! መኪናዋ እስክትነሣ ነበር መኖር የፈለግሁት። ተነሥታለች። አንዴ ልቀመጥባትና ይበቃኛል።»

አድማሴ እንዲኖሩ ብሎ የዋሸው ውሸት ሊገድላቸው ነው። ጋሽ ጠዓመ እንደ ወጉ ነገሩን ከሩቅ ሊጀምሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘ።

«ሜኔር፣ ተቃጥላለች። እርስዎ እዚህ የገቡ ሰሞን ጋራዡ ተቃጠለ። ምንም አልተረፈም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ተመለከቱ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ልጄ… ሰፈሩ ሁሉ።»

«ከእኔ በቀር።»

አድማሴ የእናቱን መርዶ አስታወሰ። ያኔ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ሰፈር ነበር የሚኖረው። ለፋሲካ አገር ቤት ሲደውል ዘመዶቹ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አሉት፤ የላከላትንም ሹራብ ተቀብለው «በጣም ወደደችው» አሉት። ከተቀበረች ቆይታ ነበር። አምስተርዳም ያለ አገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ ሹራብ ይመርጣል። ከሞቷ ይልቅ ያ ነበር ለብዙ ጊዜ ያንገበገበው። አሁን እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ነርሷ በሩን ከፍታ ታክሲው ደጅ እንደቆመ ተናገረች። ሜኔር ኬስ ጠብቂ ብለው እጃቸውን አነሡ።

«ሌላ ካይዘር ብናገኝ» አሉ። «ሠርቶ ለመጨረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? አሁን ግን እንዳትዋሸኝ።»

አድማሴ ትንሽ ቁጥር ቢናገር ቀዶ ጥገናውን እሺ እንደሚሉ ያውቃል። «አንድ ዓመት» ሊል አፉን ከፈተ። ጋሽ ጠዓመን ቢያይ አዛውንቱ አቀርቅረዋል።

«አምስት» አለ። «ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

ሜኔር ኬስ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ዘጠና ሰባት» አሉ ቀስ ብለው።

ነርሷ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ ታክሲው ይጠብቅ ወይስ ይሂድ ብላ ጠየቀች።