አስካለ ዝም ያለችበት ሁለት ሳምንት

አስካለና ባለቤቷ ባንታየሁ ኢስትሊ በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልብስ ይሸጣሉ። ደንበኛ የምትጠራውም፣ የምትከራከረውም እሷ ናት። ባንታየሁ ሲናገር ምላሱ ይያዛል። "መ... መ..." ማለት ሲጀምር አስካለ "መቀስ?" ብላ ትጨርስለታለች። ሰው ፊት እንዳይሳቀቅባት ብላ ነው።

ድምፅዋ ከሻከረ ሦስት ወር ሲሞላው ግን ፈራች። እናቷን የቀበረችው በጉሮሮ ካንሰር ነው። ባንታየሁ ሱቁን ዘግቶ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

ዶክተር ራጃ አፍንጫዋ ውስጥ ማደንዘዣ ረጭታ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው፣ ከቻርጀር ገመድ የማይወፍር ቱቦ ቀስ አድርጋ እስከ ጉሮሮዋ አስገባች።

"ኢ... በይ።"

ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጫጭ የድምፅ ጅማቶች ተገጥመው ተርገበገቡ። አስካለ እንባ ባቀረረ ዓይኗ አየቻቸው፤ በሁለቱም ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል እብጠት ነበረች።

"አያሰጋም፤" አለች ዶክተሯ በስዋሂሊ። "ከጩኸት ብዛት የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም በይ፤ ማንሾካሾክም የለም።"

አስካለ የባንታየሁን እጅ ጨብጣ አለቀሰች።

በማግስቱ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። "ይሄ ቀይ ጥለት በሌላ ቀለም አለ?"

"አ... አረ..." ባንታየሁ ተያዘ። አስካለ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋች። ሙሽራዋ ጠበቀች።

"አረንጓዴ አለ። ግን ላንቺ የሚሆነው ቀዩ ነው፤ ፊትሽን ያ... ያበራዋል።"

እናትየው ሳቀች፤ ቀዩን ወሰዱ። አስካለ ክው አለች። እሷ ብትሆን "አረንጓዴ" ብላ ጨርሳለት ነበር፤ የቀዩ ነገር እዚያው ይቀር ነበር።

ሱቅ ሲዘጉ ወረቀት ላይ ጻፈች፦ "ስጨርስልህ ይከፋሃል?"

አንብቦ ቀና አለ። "አይከፋኝም። ግን አንዳንዴ ልል የነበረው ሌ... ሌላ ነው። ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የገባን ቀን 'ቤቱን ወደድከው?' አልሽኝ። 'ደ...' ስል፣ 'ደስ ብሎኛል' ብለሽ ጨረስሽው። እኔ ልልሽ የነበረው 'ደ... ደክሞሻል፤ ቁጭ በይ፣ ዕቃውን እኔ ላንሳው' ነበር።"

አስካለ ወረቀቱን አስቀምጣ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች።

በሁለት ሳምንቱ ካሜራው ተመልሶ ገባ። እብጠቶቹ ሟሽሸዋል።

"አሁን ቀስ ብለሽ መናገር ትችላለሽ። እንዴት ቻልሽው?" አለች ዶክተር ራጃ።

"እሱን ጠይቂው፤" አለች አስካለ በቀጭን ድምፅ።

ባንታየሁ መናገር ጀመረ። ሁለቱም ሴቶች እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ የሚያስተናግደው እሱ ነው።